ከፍራንክፈርት ሮም አንድ ሰዓት ከሃምሳ

የዛሬ ወር ገደማ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነው። ልጄ ሜሮን ከጌይተርስበርግ መጥታ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎናችን ውስጥ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ስልኳን ትነካካለች። እኔ ሰላጣ እከትፋለሁ። ባለቤቴ ጌታሁን ዜና አያለሁ እያለ ያንቀላፋል። ድንገት «ማሚ፣ ሊስን! ከፍራንክፈርት ሮም በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ነው። ዘጠኝ መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር። ኢትስ ናቲንግ!» አለችኝ። ልጆቻችን ለአርባኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችን ያሰቡልን ስጦታ ነው። እሷና በርክ የምትባል ከተማ የሚኖረው ወንድሟ ተማክረው፣ መጀመሪያ የተጋባንባትን ፍራንክፈርትን፣ ቀጥለን ሮምን አይተን እንድንመለስ ወስነዋል። ሮምን የጨመሩት በእኔው ጥፋት ነው፤ ከጓደኛዬ ከእልፍነሽ ጋር ስልክ ይዤ ስለ ሮም ሳወራ እየሰሙ ነው ያደጉት።

«ያኔ እኮ እንዲህ ቅርብ አልነበረም» አልኳት፣ ቲማቲሙን ከሚገባው በላይ እያደቀቅኩ።

«ማሚ፣ ከተሞቹ አልተንቀሳቀሱም» አለችና ሳቀች።

ከእሷ ጋር የሳቀ ሌላ ሰው ነበር። ታደለ፣ የእልፍነሽ ታናሽ ወንድም። ከአገር ቤት ከመጣ አምስት ወሩ ነው። የሚኖረው አሌክሳንድሪያ እህቱ ዘንድ ሆኖ ሥራው እኛ ሰፈር ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ፣ ሺፍቱ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ምሳውን እኛ ቤት ይበላል። ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ዝግ ያለ፣ ሰው ማስቀየም የማይሆንለት ሰው ነው። «እትዬ ብርቄ፣ አንቺ እኮ ለእኛ ሁለት ቀን ያስኬዳል ብለሽ ነው የጻፍሽልን!» አለ። «የእማዬ መርዶ ጊዜ። 'መንገዱ ሩቅ ነው፣ ድንበሩ ብዙ ነው፣ እስክደርስ ታገሡኝ' ብለሽ። በኋላ የሠርግሽ ፎቶ ሲደርሰን ነው ነገሩ የገባን። እንኳን አንቺ፣ ማንም ሙሽራ ያደርገዋል። ከሠርግ በኋላ ማርዳት የነበረ ነው። እልፌም ገብቷት ነው መሰለኝ አንድ ቀን እንኳ አንስታው አታውቅም።» ይህን ብሎ ከደረት ኪሱ ያንን ፎቶ አወጣና ለሜሮን ሰጣት፤ አርባ ዓመት አስቀምጦት ነው፣ ለበዓሉ አዳራሽ ውስጥ ከሚታዩት ጋር እንድትቀላቅለው። «ለእልፌ እንዳትነግሯት፣ ሰርፕራይዝ ነው» አለን ደግሞ።

ጌታሁን ዐይኑን ገልጦ አየኝ። እኔና እሱ ብቻ የምናውቀውን ነገር ይህ ደግ ሰው ምንም ሳይጠረጥር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ታደለ እህቱ ሁሉን የምታውቅ መስሎታል። እህቱ ምንም አታውቅም። የማታውቀውም እኔ ስለዋሸኋት ነው።

ያን ጊዜ ፍራንክፈርት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እተኩስ ነበር። ከምድር በታች ያለች፣ እንፋሎቷ ፀጉሬን ሲያጨማድደው የሚውል ክፍል ነበረች። ከሥራ ስወጣ ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ በር ላይ ቆሜ ቡና እጠጣለሁ፤ ቡና አንድ ማርክ ከሃምሳ፣ በመጠቅለያ ወረቀት የምትሰጥ ትኩስ ድንች ሁለት ማርክ። ከሱቁ በላይ የሸክላና የካሴት መሸጫ ነበር፤ የነሱ ዘፈን ምን እንደሚል ሳይገባኝ ትከሻዬን እየነቀነቅኩ እሰማው ነበር። ሰው ሁሉ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ኮት ይለብሳል፤ እኔም ከተለበሰ ልብስ ገበያ በሃያ ማርክ የገዛሁት ቡናማ ኮት ነበረኝ፤ ለብሼው ስሄድ ወታደር እመስላለሁ እያሉ ይስቁብኛል። ጌታሁንን ያገኘሁት በዚሁ ኮት ነው። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናትም እህትም አጠገቤ የለም። ከጌታሁን ወገን አጎት ነው፣ የአክስት ልጅ ነው፣ የተማሪ ቤት ጓደኛ ነው እያሉ ሠላሳ ሰው ይቆጥራሉ። ከእኔ ወገን የምትቆመው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እልፍነሽ።

እልፌና እኔ ጉለሌ አንድ አጥር ተጋርተን ያደግን ነን። እናቷን እማማ ብዬ ነው የጠራሁት፤ ከእጃቸው በልቻለሁ፣ ጥፊያቸውንም ቀምሻለሁ። ከአገር ስንወጣ እኔን መንገዱ ጀርመን ጣለኝ፣ እሷን ሮም። አንዲት ባልቴት ሲኞራ ቤት ተቀጥራ እዚያው እያደረች ትሠራለች። የቤት ሠራተኞች ሁሉ ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ስለሆነ፣ ሐሙስ ሐሙስ ቴርሚኒ የሚባለው ባቡር ጣቢያ በሐበሻ ይሞላል። ጸጉር የሚሠራው እዚያ፣ ወሬ የሚሰማው እዚያ፣ ፍቅር የሚጀመረውና የሚፈርሰው እዚያ ነው። እልፌ ጀቶኔ የሚሏትን፣ ባለ ሁለት መቶ ሊሬ የስልክ ፍራንክ፣ በመሐረብ ቋጥራ ትመጣና አሥር ሰዓት ላይ ሆቴላችን ሠራተኞች ኮሪደር ውስጥ ወዳለው ስልክ ትደውልልኛለች። ፍራንኳ ስትወድቅ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ፤ እየቀጨቀጨ እናወራለን፤ ሲያልቅባት ቃላችን መሐል ላይ ይቆረጣል። ምን ለብሰሽ ነው፣ ምን በላሽ፣ ያ ባለ ጢሙ ሰውዬ ጠየቀሽ ወይ። መጨረሻ ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበራት። «ከቤት ደብዳቤ መጣልሽ?» የእሷ አድራሻ የሲኞራዋ ስለነበር የሁለታችንም ቤተሰብ የሚጽፈው በእኔ በኩል ነበር።

ደብዳቤው የመጣው በዐቢይ ጾም፣ ደብረ ዘይት ሰሞን ነው። የታደለ የእጅ ጽሑፍ፤ ያኔ ሃያ ዓመት የሆነው ተማሪ። እማማ አርፈዋል። በሳልስታቸው ማግስት ነው ቁጭ ብሎ የጻፈው፤ ወረቀቱ ላይ ቀኑ አለ። «እትዬ ብርቄ፣ ከእህት አስበልጠን ነው የምናይሽ። በስልክ እንዳትነግሪያት። ብቻዋንም እንዳትሰማ። ሄደሽ፣ ሰው ሰብስበሽ፣ ጠዋት በወጉ አርጂያት» ይላል። እንፋሎቷ ክፍል ውስጥ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ይህን ማንም እንዲነፍገኝ አልፈልግም፣ የእውነት ነው ያለቀስኩት። እንባዬን ጠርጌ ስጨርስ ግን መጀመሪያ የቆጠርኩት ሳምንታቱን ነው። ለሠርጌ ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ሰው ጥፋቱን ሲያስታውስ ያሳምረዋል፤ እኔ እንዳላሳምረው እየሞከርኩ ነው። ጌታሁን ደብዳቤውን አንብቦ «የአንቺ ነገር ነው፣ እንደ መሰለሽ» አለኝ። እኔም የመሰለኝን አደረግኩ። ለታደለ ሮም በጣም ሩቅ እንደሆነ፣ በባቡር ሁለት ቀን እንደሚፈጅ፣ ድንበር ላይ እንደሚያጉላሉ፣ ፈቃድ እስካገኝ እንዲታገሡኝ ጻፍኩ። ከጉለሌ ሆኖ ማን ካርታ ይዘረጋል? የስደተኛ መጓጓዣ ደብተሬ ሻንጣዬ ውስጥ ነበረች፤ ማኅተሙ ሁሉ ተሟልቶ። ፈቃድም አልጠየቅኩ። እውነቱ ይህ ነው፤ ጥቁር የለበሰች ሚዜ አልፈለግኩም። ከወገኔ አንዲት ሰው ብቻ ኖራኝ እሷም ፊቷን ሸፍና እንድትቀመጥ አልፈለግኩም። ሐሙስ ሲመጣ ፍራንኳ ቀጭ ትላለች፣ «ከቤት ደብዳቤ መጣልሽ?» ትለኛለች፣ «የጾም ጊዜ ፖስታው ይዘገያል» እላታለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ስድስት ሐሙስ እንደዚህ አልኳት። አንዱን ሐሙስማ ለእማማ ሹራብ እየሠራሁ ነው፣ እጅጌው ቀርቶኛል አለችኝና «ምን ቀለም?» ብዬ ጠየቅኳት። ቀለሙን እንኳ ጠየቅኳት።

ለሠርጉ ባቡር ተሳፍራ ስትመጣ ቢጫ ቀሚስ ይዛ መጣች። ከቴርሚኒ ጀርባ ካለው ገበያ በአሥራ ስምንት ሺህ ሊሬ፤ እጅጌው እንደ ፊኛ የተነፋ፣ ወገቡ ላይ ሰፊ ቀበቶ ያለው። አዳራሹ የአንድ ደብር ምድር ቤት ነበር፤ ጀርመኖቹ በነፃ ሰጥተውን፣ ወንበሩን ራሳችን ደርድረን። በርበሬው አልበቃ ብሎ ከነሱ ቀይ ቃሪያ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ዶሮው ቀለም ብቻ ሆኖ ቀረ። የሙሽራ ዘፈን ካሴቱ ከካሴት የተቀዳ፣ የዚያም ቅጂ ስለነበር ዘፋኟ ጉንፋን የያዛት ይመስላል። እልፌ ግን ካሴትም አላስፈለጋትም። ራሷ አውጪ፣ ራሷ ተቀባይ። ያ ሁሉ የጌታሁን ዘመድ ከመቀመጫው ተነሥቶ ዙሪያዋን ሲያጨበጭብ፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ፣ ላቧ በጆሮዋ ሥር ሲወርድ አየኋት፤ ኮራሁባት፣ እንዲያውም በእጄ ምልክት «ድገሚ!» አልኳት። ደገመች። ከዚያ እያለከለከች አጠገቤ መጥታ «ብርቄ፣ እማዬ ይህን ብታይ! እማዬ ነበረች መኖር የነበረባት» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ያን ቀን ከነበረው ነገር ሁሉ ይበልጥ የማስታውሰው ጉንጬ ላይ የቀረውን ላቧን ነው። ስትጨፍር ከተነሣችው ፎቶ አንዱን «ለእማዬ ላኪልኝ» ብላ ጀርባው ላይ ጽፋበት ሰጠችኝ። ፖስታው ላይ የእማማን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባልልከው ትጠይቀኛለች ብዬ ፈርቼ፣ ለሞተ ሰው ቴምብር ለጥፌ ላክሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሮም ሄድኩ፤ ጌታሁን የአውሮፕላን ትኬት ገዝቶልኝ። በሕይወቴ ሁለተኛዬ ነበር አውሮፕላን መሳፈር። ተነሣን፣ ቡናና ዳቦ አቀረቡልኝ፣ ዳቦውን ቅቤ ቀብቼ ሳልጨርስ ቀበቶ እሰሩ ተባለ። ከታች ባሕሩ ያብረቀርቃል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሰዓቱን አይቶ ለሚስቱ ፈገግ አለላት፣ ቀድመን ደረስን ማለቱ መሰለኝ። እኔ ዳቦውን እጄ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ። ሁለት ቀን ነው ብዬ የጻፍኩት መንገድ ቁርስ አያስጨርስም።

ቴርሚኒ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት ትልቅ ሴት ቤት ሰው ተሰበሰበ። ሲኞራዋን አስፈቅደን፣ እልፌን «ብርቄ መጥታለች፣ ልታይሽ ትፈልጋለች» ብለን በጠዋት አስመጣናት። በር ከፍታ ያን ሁሉ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው ስታይ ወዲያው ገባት። የሆነውን አልጽፈውም፤ መርዶ ያየ ያውቀዋል። ወደ ረፋዱ ላይ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተኝታ ሳለ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ሐሙስ ዕለት» አልኳት።

«እማዬ ግን የሞተችው በየካቲት ነው አላችሁኝ።»

«ታደለ ዘግይቶ ጽፎ ነው» አልኩ። «ልጅ አይደል፣ ምን ያውቃል።»

ይኸው ነው። ሠርጉን ወጉ ይሸፍንልኛል፤ እንኳን ሠርግ፣ ለፈተናም ለወሊድም መርዶ ይቆያል። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን የሚሸፍን ወግ የለም። እልፌ ጭኔ ላይ እንደተኛች «እሱ ነው ያስጨፈረኝ» አለች። እኔ ፀጉሯን መደባበሴን ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ረጅም ነው። እኛ አሜሪካ ገባን፣ እሷም ተከተለችን። ላንግሊ ፓርክ አንድ አፓርታማ ውስጥ ልጆቻችንን ይዘን ተደራርበን ኖርን፤ ሦስት አውቶቡስ ቀያይረን ሥራ ሄድን፤ ልጆቼን እሷ አቀፈች፣ የእሷን እኔ። ስሟን ሳልጠራ የዋልኩበት ቀን የለም። በየዓመቱ የእማማን መታሰቢያ ስታደርግ አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ በየዓመቱም «እንኳን አንቺ አላወቅሽ፤ አንቺ ብታውቂ ኖሮ አታስጨፍሪኝም ነበር» ትለኛለች። ለታደለ ግን ልቧ ድንጋይ ሆነ። በበዓል ሲደውል «ደህና ነህ? ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋለች። ዜግነት ካገኘች በኋላ ወንድምሽን አስመጪው ስንላት «እሱ ለእናቱ ሞት አልቸኮለም፣ እኔ ለእሱ ምን ያስቸኩለኛል?» ብላ ፎርሙን አሥር ዓመት አላስገባችም። ለወንድምና ለእህት የሚሰጠው ወረቀት ራሱ ደግሞ ከገባ በኋላ ሌላ አሥራ ምናምን ዓመት ያስጠብቃል። በሃምሳ ዓመቱ ገደማ የሚመጣው ሰው በስልሳው መጣ። አሁን ጉልበቱን እያሻሸ የሰው መኪና ሲያቆም ይውላል። እህቱ ቤት ይኖራሉ፣ ስለ ግሮሰሪና ስለ ቆሻሻ መጣያ ቀን ብቻ ይነጋገራሉ። ለምን እንደምትቀዘቅዘው አያውቅም። «አሜሪካ ሰው ያደክማል መሰለኝ» ይለኛል እኛ ቤት ምሳ ሲበላ።

የዚያን እሑድ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጌታሁን «አርባ ዓመት የተኛ ነገር ነው፣ ተዪው» አለኝ። «ፎቶውን ሜሮን እንዳታወጣው እንነግራታለን።» እንደ ድሮው እንደ መሰለሽ አላለኝም፤ በዚህስ ተሻሽሏል። እኔ ግን ታደለ አንድ ቀን ያንኑ ሳቁን እየሳቀ እህቱ ፊት «ሩቅ ነው ብላ ጽፋልን» ቢል ምን እንደሚሆን ሳስብ ዋልኩ። ንስሐ ነው ያነሣሣኝ ብል ደስ ባለኝ። ቀድማኝ ከሰው እንዳትሰማ ፈርቼ ነው የሄድኩት።

ማክሰኞ የእልፌ ዕረፍት ነው፤ ቀን ቀን አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ትጠብቃለች። ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዤ፣ ዊልሰን ድልድይን ተሻግሬ፣ ዱክ ስትሪት አጠገብ ያለው ሕንፃዋ ደረስኩ። ሳሎን ውስጥ ከማድረቂያ የወጣ ልብስ ታጥፋለች። ታደለ ሌሊቱን ሠርቶ አድሮ መኝታ ክፍሉ ተኝቷል።

«ምነው ኮል እንኳ ሳታደርጊ? ኮትሽን አውልቂ እንጂ» አለችኝ።

አላወለቅኩም። «እልፌ፣ የእማማን መርዶ ሐሙስ ዕለት አልነበረም የሰማሁት» አልኳት። «የታደለ ደብዳቤ ከሠርጌ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ደርሶኝ ነበር።»

ፎጣውን ለሁለት አጠፈችው። ለአራት አጠፈችው። «ስጨፍር ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሐሙስ ሐሙስ ስደውልስ?»

«አዎ።»

«ድገሚ ስትዪኝ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ይህን ሁሉ ስትጠይቀኝ እጇ ሥራውን አላቆመም፤ የወንድሟን የሥራ ሸሚዝ አንሥታ ኮሌታውን እያስተካከለች ነበር። «ሠርግሽ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምትነግር። «እሺ። ሠርግ ነው እንበል። ታደለስ? ታደለ መቼ ነው የጻፈው?»

«በሳልስታቸው ማግስት። አንድ ቀን አላዘገየም። ዘገየ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

ሸሚዙን የያዘው እጇ ያኔ ቆመ። «አሥር ዓመት» አለች። «ብርቄ፣ ፎርሙን አሥር ዓመት ኪችን ድሮወር ውስጥ ከተትኩት። በያመቱ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ እያየሽ።» አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሸሚዙን እንደያዘች ተነሥታ ወደ ታደለ ክፍል ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

ግድግዳው ቀጭን ነው። «ታደልዬ» ስትለው ሰማሁ፤ ከጉለሌ ወዲህ እንደዚያ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም፤ ለካ አሁንም አፏ ላይ ነበር። እሱ ከእንቅልፉ ደንግጦ «እቴ፣ ማን ሞተ?» አለ። ከዚያ ወዲያ የእሷ ድምፅ ብቻ ነበር፣ ቀስ ያለ፣ ረጅም። ቀጥሎ የሁለቱም ለቅሶ። ይቅርታውን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እሷ በኔ ፈንታ ስትጠይቀው ኮቴን እንደለበስኩ የታጠፈ ልብስ መሐል ተቀምጬ አዳመጥኩ። ልነሣና በሩን ላንኳኳ ብዬ ሁለቴ ተነሣሁ፤ ሁለቴም ተመልሼ ተቀመጥኩ። ማንም አልጠራኝም።

ስትወጣ ዐይኗ አብጦ ነበር። «ምንም አይደል ይላል» አለችኝ። «እሱ ሁልጊዜ ምንም አይደል ነው የሚለው። እኔ ግን ምንም አይደል አልልሽም። አሁን ሂጂ። ሲበርድልኝ እኔው እደውላለሁ።»

ከዚያ ቀን ሦስት ሳምንት አለፈ። ታደለ ምሳውን እኛ ጋ መብላቱን አልተወም፤ ይህ ራሱ አንገቴን ያስደፋኛል። እሱንማ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ከወደቅኩበት አንሥቶ ወጥ ጨምሪልኝ አለኝ። ሜሮን ትኬቱን ልቁረጠው ወይ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። በዓሉ የፊታችን እሑድ ነው። ስልኬን ወጥ ቤትም መታጠቢያ ቤትም ይዤ እገባለሁ። ጌታሁን «ትደውላለች፤ እልፌን አታውቂያትም እንዴ?» ይለኛል። የጨነቀኝ እኮ ማወቄ ነው። ምንም ያላጠፋ ወንድሟን አሥር ዓመት ያስጠበቀች ሴት ናት። እኔ ደግሞ አጥፍቻለሁ፤ ዕድሜዬም ስልሳ ስምንት ነው።